ቻርጀር ሰፈራችን መንገድ ዳር ይተከል? ጅማ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፤ የምኖረው ጅማ ነው። ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና መንዳት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሁለቱ ነገሮች አንድ ሰው ላይ ስለተገጣጠሙ ጥያቄው ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። ቡና ላይ እጠየቃለሁ፤ ከእድር ስንወጣ እጠየቃለሁ፤ አንዴ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ሳይቀር ተጠይቄያለሁ። ዞሮ ዞሮ ነገሩ አንድ ነው፦ መንገድ ዳር ቻርጀር እንትከል የሚል አካል መጥቶ ቢያወያየን ሰፈሩ ምን ይበል? ደጋግሜ የመለስኩትን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። የየትኛውም መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ አይደለም፤ ተወስኖ ያለቀ ነገርም የለበትም። ሳይወሰን በፊት እናውራበት ብዬ ነው።

ይህ ጥያቄ አሁን ከየት መጣ?

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ከዚያም በፊት የኤሌክትሪክ መኪኖች ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ ተደርገው ነበር። የነዳጅ ሰልፉን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። ዛሬ ሂርማታ ገበያ ዙሪያ ወይም ፈረንጅ አራዳ ቆም ብሎ ለሚያይ ሰው ድምፅ የሌለው መኪና ብርቅ አይደለም። መኪናው ቀድሞ መጣ፤ መሙያው ገና ነው። እስከዚያው ክፍተቱን የያዘው ከመስኮት ተጎትቶ የሚወጣ ሽቦ ነው።

ባለመኪናው እቤቱ አይሞላም? የሕዝብ መንገድ ላይ ምን አመጣው?

ግቢ ያለው፣ መኪና የሚያስገባ በር ያለው ሰው እቤቱ ይሙላ። በዋጋም በምቾትም እሱን የሚያህል የለም። ችግሩ ግቢ የሌለው ነው። አራት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ በሚኖርበት ግቢ ውስጥ አንዱ መኪናዬን ልሙላ ቢል የወሩ ሒሳብ የመጣ ቀን ጠብ ነው። መኪናው ውጭ፣ ሰውየው ውስጥ የሚያድርበት ሰፈር ደግሞ ብዙ ነው።

የራሴን ልንገራችሁ። መኪናውን ስገዛ የተከራየሁት ቤት መኪና አያስገባም ነበር። ሽቦ በመስኮት አውጥቼ፣ ቦዩን አሻግሬ፣ ኮብልስቶኑ ላይ ዘርግቼ ማደር ጀመርኩ። ሐምሌ ላይ አንድ ሌሊት የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ብወጣ ዲቫይደሩ ቀልጧል። ሙያዬ ኤሌክትሪክ ሆኖ! ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ የራሴ ነው። ምጣድ አንድ ሁለት ሰዓት ሠርቶ ይጠፋል። መኪና ግን ሳያቋርጥ አሥር ሰዓት ይጎትታል። ቀጭን ሽቦና ርካሽ ዲቫይደር ያንን አይችሉም።

ከመቃጠሉ ይልቅ ያሳፈረኝ ሌላው ነው። ጎረቤታችን አንድ አባት ለፈጅር ሰላት ሲወጡ ሽቦው እግራቸውን ጠለፋቸው፤ ለጥቂት ተረፉ። አልተቆጡም። «ልጄ፣ ይሄን እባብህን ሰብስብልን» ብቻ አሉኝ።

ሌላም አገር ይሄ ራስ ምታት አለ። እንግሊዝ ውስጥ ኦክስፎርድ ላይ የእግረኛ መንገዱን በቀጭኑ ቆርጠው ሽቦው በዚያ ውስጥ እንዲያልፍ ሞክረዋል። ለንደን መሙያውን የመንገድ መብራት ምሰሶ ላይ ገጥሞታል። ሲድኒ ዙሪያ ባሉ ሰፈሮች ደግሞ የኤሌክትሪክ መስመር በተሸከመው ምሰሶ ላይ የሚሰቀል መሙያ አለ። መስመራችን በአየር ላይ የሚሄድ ስለሆነ ለእኛ የሚቀርበው ይሄኛው ይመስለኛል። ግን የእኛን ምሰሶዎች አይታችኋቸዋል? አንዳንዱ ራሱን ችሎ ለመቆም እየታገለ ነው። ስለዚህ ለብቻው መሬት ላይ የሚቆም ሣጥን የተሻለ ነው እላለሁ።

አንድ መኪና ለመሙላት ስንት ሰዓት ይፈጃል?

እንደ ባትሪው መጠንና እንደ መሙያው ጉልበት ነው። ባትሪው 38 ኪሎዋት ሰዓት የሆነ ትንሽ መኪና ከ20 በመቶ ወደ 80 በመቶ ለማድረስ ወደ 23 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል። በተራ የቤት ሶኬት፣ 2 ኪሎዋት ገደማ፣ አሥራ አንድ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። በ7 ኪሎዋት መሙያ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል። በ50 ኪሎዋት ፈጣን መሙያ ግማሽ ሰዓት አካባቢ። ትልልቆቹ ባለ ሦስት መደዳ መኪኖች ባትሪያቸው እጥፍ ስለሆነ ሰዓቱንም እጥፍ አድርጉት።

ለሰፈር የሚሆነው የ7 ኪሎዋቱ ዓይነት ነው። ማታ ይሰካል፣ ጠዋት ይነቀላል። ፈጣኑ ለአውራ ጎዳና ነው እንጂ ለመኝታ ሰፈር አይደለም።

ትራንስፎርመራችን ይችለዋል? አሁንም እኮ መብራት ይጠፋል።

በጣም የምወደው ጥያቄ ነው። ስብሰባ ላይም ከሁሉ በፊት መነሳት ያለበት ይሄ ነው።

ብዙ ሰው «ግድቡ አጠገባችን ሆኖ እንዴት መብራት ያጥረናል?» ይላል። እውነት ነው፣ ግልገል ግቤ አንድ የጎረቤታችን ነው፤ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ይሠራል፣ 184 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ደግሞ 5,150 ሜጋዋት ነው። አገሪቱ የምታመነጨው ኃይል መኪኖቹን ለመሙላት አያንስም። ጥበቱ ያለው ከማከፋፈያ ጣቢያው እስከ በራችን ባለው መንገድ ላይ ነው፦ በመስመሩ፣ በትራንስፎርመሩ፣ በምሰሶው። ወንዙ ሞልቶ ቧንቧው ቀጭን እንደማለት ነው።

አሁን በምጣድ እንቁጠረው። አንድ የእንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። ስለዚህ አንድ የ7 ኪሎዋት መሙያ ማለት ሁለት ምጣድ ነው። ሰፈራችሁ ያለው ትራንስፎርመር 200 ኪሎቮልት አምፔር (በግርድፉ 200 ኪሎዋት) ነው እንበል። አሥር መሙያ አንድ ላይ ቢሠራ 70 ኪሎዋት፣ የትራንስፎርመሩን ሲሶ በላ ማለት ነው። ቀን በስምንት ሰዓት ቢሆን ምንም ላይመስል ይችላል። ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ግን ምጣዱም፣ ምድጃውም፣ ቴሌቪዥኑም በአንድ ላይ ይነሳል። ያን ጊዜ ነው የሚፈነዳው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። መሙያው ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት ጉልበቱን እንዲቀንስ ወይም ጭራሽ እንዳይሠራ ተደርጎ ይስተካከላል። እስከ ሌሊቱ 11 ሰዓት ሰባት ሰዓት አለው፤ ከበቂ በላይ ነው።

ሌላው የማይወራለት ጉዳይ ፌዝ ነው፤ ኃይል የሚያመጣው ሽቦ ማለቴ ነው። የሰፈር መስመር ሦስት ፌዝ አለው፤ ቤቶች በየፌዙ ይከፋፈላሉ። አዲሶቹን መሙያዎች ሁሉ በአንዱ ፌዝ ላይ ከጫኗቸው በዚያ ፌዝ ያሉ ቤቶች አምፖላቸው ይደክማል፣ ፍሪጃቸው ያጉረመርማል። የሚቀጥለው ቤት ደግሞ ምንም አይሰማውም። ከዚያ ጎረቤት ከጎረቤት ይጣላል፤ ምክንያቱን ግን ማንም አያውቀውም።

ስለዚህ ስብሰባ ላይ እጃችሁን አውጡና ሦስት ነገር ጠይቁ። የዚህ ትራንስፎርመር አቅም ስንት ነው? ማታ በጭነት ሰዓት ተለክቷል ወይ፣ ስንት ሆነ? መሙያው ለሦስቱም ፌዝ ይከፋፈላል ወይ? ቁጥር ይዞ ያልመጣ ባለሙያ ይዞ እስኪመጣ ስብሰባው ይቆይለት።

መኪና የሌለን ሰዎች ምን አገባን?

ከሁሉ የበለጠ የሚያገባው እንዲያውም መኪና የሌለው ነው። ባለመኪናውማ መሙያ አገኘ፣ ደስ ብሎት ሄደ። እናንተ ግን የእግር መንገዱን ታካፍላላችሁ፣ ትራንስፎርመሩን ታካፍላላችሁ፣ ኮብልስቶኑ ሲቆፈር ጭቃውን ትረግጣላችሁ።

ይህ ደግሞ የሚለመን ችሮታ አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ዜጎች በተለይ አባል የሆኑበትን ማኅበረሰብ በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይናገራል። ስለ መኪና ሳይሆን ስለ ማኅበረሰቡ ነው የሚያወራው።

በግሌ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ እግር መንገዱ ነው። መንገዶቻችን ጠባብ ናቸው። በዚያ ላይ የጉልት ነጋዴ አለች፣ የሊስትሮ ልጅ አለ፣ ጋሪ ያልፋል፣ ባጃጅ ይዞራል። የዊልቸር ተጠቃሚ ደግሞ ቀድሞውንም መንገድ የለውም። ሣጥኑ እግር መንገዱ መሀል ከቆመ ሰው ወደ አስፋልት ይወርዳል። እኔ ብጠየቅ ሣጥኑን ከመኪና ማቆሚያው ላይ ቀንሼ እተክለዋለሁ እንጂ ከእግረኛው አልቀማም። የጉልቷን ቸርቻሪ ሳያነጋግሩ ቦታ መምረጥም ነውር ነው። ስብሰባ ላይ አትመጣም፤ ቀኑን ሙሉ ሽንኩርቷ ፊት ነች። ወደ እሷ መሄድ ነው።

ስለ ኮብልስቶኑም አንድ ነገር። ድንጋዩን ማንሳት ቀላል ነው። መልሶ እንደነበረ የሚያስቀምጠው ሰው ነው የሚጠፋው። ከስር ያለው ቀይ አፈር በደንብ ካልተጠቀጠቀ አንድ ክረምት ሳይሞላው ይሰምጣል። ማን እንደሚመልሰው፣ በስንት ቀን፣ ከሰመጠ ማን እንደሚጠየቅ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ።

ከቤቴ በር ፊት ቢተክሉብኝስ? ቦታው የኔ አይደለም?

አይደለም። መንገዱ የሕዝብ ነው። ከግቢዬ ፊት ነው ብሎ ጎማ ወይም ድንጋይ የሚያስቀምጥ ሰው ብዙ አለ፣ ግን ልማድ ነው እንጂ መብት አይደለም። የናንተ የሆነው መግቢያና መውጫችሁ ነው። በር የሚዘጋ፣ የጎርፍ መውረጃ የሚደፍን፣ ድንኳን ሲጣል አላላውስ የሚል ቦታ ከሆነ መቃወም ትችላላችሁ፣ ተቃወሙም። ድንኳን ያልኩት ቀልድ አይደለም። ሰፈራችን ሠርጉም ለቅሶውም መንገድ ላይ ነው። ይህን ከእድሩ ዳኛ በላይ የሚያውቅ መሐንዲስ የለም።

በዝናብና በመብረቅ አደጋ የለውም? ልጆችስ ቢነኩት?

የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ሥራውን በሥርዓቱ የሠራ ሰው ከተከለው ዝናብ አይጎዳውም። መሙያው ከመኪናው ጋር ተነጋግሮ እስኪስማማ ድረስ የሽቦው ጫፍ ላይ ኃይል የለም። ስለዚህ ልጅ ጫፉን ቢይዘው እንደ ግድግዳ ሶኬት አይደለም። መኪና ላይ ከተሰካ በኋላም ኃይል ወደ መሬት መፍሰስ ከጀመረ በቅጽበት የሚቆርጥ መሣሪያ ውስጡ መኖር አለበት፤ ሰውን ለማዳን የሚገጠመው በ30 ሚሊአምፔር የሚቆርጠው ነው።

የሚያሳስበኝ ኧርዙ፣ ማለትም የፈሰሰውን ኃይል ወደ መሬት የሚወስደው መስመር ነው። በየቤቱ ስዞር ኧርዝ የሌለው፣ ወይም ለስሙ አንድ ብረት ተቀብሮ የተረሳ ስንት አይቻለሁ። መንገድ ዳር ለቆመ ብረት ሣጥን ይሄ አይሠራም። ተለክቶ ውጤቱ ይታይ። ሣጥኑም ከጎርፍ መስመር ከፍ ባለ መሠረት ላይ ይቁም። አዌቱ ወንዝ ዳር ያሉ ዝቅተኛ ሰፈሮች ላይ ይሄን ሁለቴ ማሰብ ነው።

የትኛው መኪና ላይ ይሰካል?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። እዚህ የምናያቸው አብዛኞቹ ከቻይና የመጡ ናቸው፤ መሰኪያቸው ጂቢ/ቲ የሚባለው ነው። የአውሮፓ ምልክት የለጠፈው መኪና እንኳን ለቻይና ገበያ የተሠራ ከሆነ መሰኪያው የቻይና ነው። በአውሮፓ ደረጃ የተሠራው ደግሞ ታይፕ 2 ነው። አንዱ ብቻ ያለው መሙያ ተተክሎ ግማሹ ሰው ቢቀር ምን ዋጋ አለው? ሰፈሩ ውስጥ ያሉትን መኪኖች ዞሮ መቁጠር የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ለባጃጅስ ይሆናል?

የኤሌክትሪክ ባጃጅና ሞተር የራሳቸው ቻርጀር ይዘው ይዞራሉ። የሚፈልጉት ተራ ሶኬት ነው። እንግዲህ ሣጥኑ ላይ አንድ ከውኃ የተጠበቀ ተራ ሶኬት ይጨመር በሉ። ዋጋው ትንሽ ነው። ከተማችን በባጃጅ ነው የምትንቀሳቀሰው፤ ለቤት መኪና ብቻ ማሰብ ለጥቂቶች ማሰብ ነው።

ከአዲስ አበባ የሚመጣ እንግዳስ የት ይሙላ?

መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወደ ግቤ ሸለቆ ሲወርዱ ባትሪው ትንሽ ይመልሳል፣ ዳገቱን ሲወጡ ግን የሰጠውን ከነወለዱ ይወስዳል። የደረሰ ሰው ፈጣን መሙያ ያስፈልገዋል። ያ ሆቴል ግቢ፣ ማደያ ወይም ትልቅ ጎዳና ዳር ይሁን። ሁለቱን ጉዳይ አንድ ስብሰባ ላይ ካደባለቁት ተጠንቀቁ። ለእንግዳ የታሰበው ትልቅ መሙያ በሰፈር ስም ሊገባ ይችላል፤ ጭነቱ ደግሞ በናንተ ትራንስፎርመር ላይ ነው።

ዋጋው ስንት ይሆናል?

ለመንገድ መሙያ ቁጥር አልሰጣችሁም። የቤት ታሪፍ ግን በደረጃ ነው። የመጀመሪያው 50 ኪሎዋት ሰዓት ርካሽ ነው፤ ፍጆታው ሲያድግ ዋጋው ይጨምራል፣ ከ500 በላይ ከሁሉ ውድ ነው። በዚያ ላይ ታሪፉ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ በየሦስት ወሩ እየጨመረ እንዲሄድ ተደርጓል። ከመንገድ የሚሞላ ሰው ለጣቢያው ባለቤት ትርፍም ይከፍላል። ከቤት መወደዱ አይቀርም፤ ከነዳጅ ጋር አወዳድሩት እንጂ ከቤት ሶኬት ጋር አታወዳድሩት።

አከፋፈሉ በስልክ ነው የሚሆነው። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ፈጣን ጣቢያ ሲከፍት በቴሌብር ነው ያስጀመረው። የኛ አካባቢ ኔትወርክ በጠፋ ሰዓት መኪናው ተሰክቶ ይቅር ወይስ ይለቀቅ? ይህም ይጠየቅ። ሞልቶ ያበቃ መኪና ቦታውን ይዞ እንዳያድር የመቆያ ክፍያ ይኑረው የሚሉ አሉ። እኔም ከነሱ ነኝ፣ ሌሊት ላይ ግን ማንንም ከእንቅልፉ መቀስቀስ የለበትም።

ውይይቱ መቼና እንዴት ቢደረግ ጥሩ ነው?

ዓርብ ከሰዓት አይሁን፣ እሑድ ጠዋትም አይሁን። ረመዳን ከሆነ ከኢፍጣር በፊት ማንንም አትጥሩ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና ለቀማ ነው፤ ግማሹ ሰው ገጠር ነው ያለው። ማስታወቂያው በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይለጠፍ፤ ስብሰባውም በሁለቱም ይመራ። አዳራሽ ብቻ አይበቃም። ሴቶቹ አዳራሽ ውስጥ የማይናገሩትን ቡና ላይ ይናገራሉ። የሰፈሩ የሌሊት ጥበቃም ይጠየቅ፤ የመዳብ ሽቦ የሚሰረቀው እሱ ባለበት ሰዓት ነው።

ካርታ ይዘው ይምጡ። አንድ ቦታ ብቻ ምልክት አድርገው ከመጡ እያወያዩን ሳይሆን እያሳወቁን ነው። ሦስት አራት ቦታ ያሳዩ፣ ሕዝቡም አምስተኛውን ይጠቁም። አምስተርዳም ላይ ነገሩ የሚጀምረው ከነዋሪው ነው፦ መኪና አለኝ፣ መሙያ የለኝም ብሎ ያመለክታል፣ ከተማው በቅርብ ይተክልለታል። መጀመሪያ ሁለት ሣጥን ብቻ ተተክሎ አንድ ክረምት ይታይ፤ ከዚያ መልሰው ይምጡና ያየነውን እንንገራቸው።

ከተበላሸ ማንን እንጥራ?

ፈቃድና ቁጥጥሩ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው፤ መስመሩና ቆጣሪው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው፤ መንገዱ የከተማው ነው፤ ሣጥኑ የባለሀብቱ። አራት ባለቤት ያለው ነገር ሲበላሽ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ሣጥኑ ላይ አንድ ስልክ ቁጥር ይጻፍ፤ ማታም የሚነሳ ይሁን።

አንተ ራስህ ከቤትህ ፊት እንዲተከል ትፈልጋለህ?

አልፈልግም። ከበሬ ፊት ቦዩ ሰፊ ነው፣ እግር መንገዱ ደግሞ ሁለት ሰው አያስተላልፍም። እኔ የምጠቁመው ወረድ ብሎ ያለውን የአጥር ጥግ ነው። ትራንስፎርመሩ እዚያው ነው፣ ሌሊት ጥበቃው ቁጭ የሚለው እዚያ ነው፣ ድንኳንም አይጣልበትም። ሦስት ደቂቃ በእግር መሄድ አለብኝ፤ ልሂዳ።

አሁን ግቢ ያለው ቤት ገብቻለሁ፤ በወፍራም ሽቦና በትክክለኛ ኧርዝ እቤቴ ነው የምሞላው። እኚያ አባት ግን ባገኙኝ ቁጥር «እባቡስ?» ይሉኛል።